የሰማዩ ድርሻ

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ

ወንድሜ ዛሬ ከድንገተኛ ክፍል ወደ ላይ ተዛወረ። ከክፍሉ አየር ኦክስጅን የሚያጣራውን ማሽን ራሴ ተሸክሜ አወጣሁለት፣ ራሴ ሰካሁት። አረንጓዴዋ መብራት ስትበራ ሲስተር "በይ እንግዲህ፣ አሁን ሥራሽ ለራስሽ ሆነ" አለችኝ። ቀልዷን ነው። ስቄላታለሁ።

መብራት ከሄደ ቆይቷል። ትራንስፎርመሩ ተቃጥሎ ሌላ ይመጣል ተብሎ ነበር። እሱን ስንጠብቅ ዝናቡ ተራራውን ናደውና መንገዱ ተዘጋ፣ የሚመጣውም የሚሄደውም ቀረ። ጄኔሬተሩ ነዳጅ አጥቶ ዝም ካለ ሰነበተ። የኦክስጅን ሲሊንደሮቹ ባዷቸውን ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። በሽተኛ ወደ ትልቁ ሆስፒታል መላክ አይታሰብም። የቀረን ጣሪያው ላይ ያለው ሶላርና ምድር ቤት ያሉት ባትሪዎች ናቸው፤ የእነሱ አዛዥ ደግሞ እኔ ነኝ፣ የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሺያን።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ለሲስተር አንድ ቁጥር እነግራታለሁ፦ ዛሬ ስንት የኦክስጅን ማሽን እስኪነጋ ማደር ይችላል? ሁለት ወይስ አንድ? እስካሁን ይህን ስናገር ልቤ ደንግጦ አያውቅም ነበር።

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ "ምላጭ" ነው የሚለው። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ነው፣ ምላሱም ያግዘዋል። ቱቦው አፍንጫው ላይ ሆኖ እንኳ "እትዬ፣ ጢሜን እንዳይነኩ ንገሪልኝ፣ ማስታወቂያዬ ነው" አለኝ። ደረቱ ሲያፏጭ ግን በሩ ጋ ሆኜ ይሰማኛል።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ ማታ

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለ ሌላው ከማሰብ ስለ ሥራዬ ልጻፍ።

ጣሪያው ላይ የመስታወት ቆብ የደፋች ትንሽ መሣሪያ አለች፤ ከፀሐይም ከደመናም የሚወርደውን ጨረር ትለካለች። ክፍሌ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሰንጠረዥ ተለጥፏል። ሰማዩ ፍጹም ጥርት ቢል በዚህ ወር በዚህ ሰዓት ምን ያህል ጨረር መውረድ እንደነበረበት ይናገራል። የወረደውን መውረድ ለነበረበት አካፍላለሁ። ውጤቱን "የሰማዩ ድርሻ" እንለዋለን። ከሰባ በመቶ በላይ ከሆነ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከሠላሳ በታች ከሆነ ድፍን ነው። ጣጣው መሃል ላይ ነው። እዚያ ላይ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፣ አካሄዱም መታየት አለበት፤ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዘል ከሆነ ደመናው ቁርጥራጭ ነው፣ ይከፈታል። ቀጥ ብሎ የሚሄድ ከሆነ ደመናው አንድ ወጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ አይነሳም።

ያሠለጠነን ሰውዬ "ዓይናችሁ ያታልላችኋል፤ ነጭ ደመና ብርሃን ይመስላል፤ ቁጥሩን እመኑ" ይል ነበር። ይህን ቃል ይዤ ቀረሁ። ጣሪያ ላይ የምወጣው መስታወቷን ለመወልወል ነው፣ ከዚያ ጎንበስ እንዳልኩ ወደ ክፍሌ። ወደ ላይ አንጋጥጬ ማየቱን ከተውኩት ቆይቻለሁ።

ዛሬ ሃምሳ አምስት ነው፣ እየዘለለ። ለምላጭ ይተርፋል።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ

ከወንድሜ ጎን ያለው አልጋ ሰው አገኘ። ትንሽ ልጅ ናት፣ የሳንባ ምች ነው። ሁለተኛው ማሽን ለእሷ ተሰካ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትሯን እንዳንጠለጠለች ነው ልጇን አቅፋ የሮጠችው። "እህቴ፣ የመብራቷ ሰው አንቺ ነሽ አሉኝ፤ የዛሬው ፀሐይ ይበቃል?" አለችኝ። ይበቃል አልኳት። ስድሳ ሁለት ነበር፣ እውነቴን ነው።

ምላጭ ልጅቷን "አንቺ ሚጢጢ፣ የኔ ማሽን ጨዋ ነው፣ ያንቺ ግን ያንኮራፋል፣ ምከሪው" ብሎ አሳቃት። ከዚያ ራሱን ሳል ያዘው፣ ሲስተርም ገላመጠችው።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሃያ ስምንት። እኩለ ቀን ሠላሳ አንድ። ቀጥ ያለ፣ ንቅንቅ የማይል። የላቦራቶሪውን ፍሪጅ ነቀልኩ። የኮሪደሩን አምፖሎች ነቀልኩ። የጸሐፊዋን ኮምፒውተር ነቀልኩ፣ አኮረፈች፣ ታኩርፍ። ከትናንት የተረፈ ስለነበረ ሁለት ማለት ቻልኩ። ነገ እንጃ።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

ልብስ አጣቢዎቹ አንሶላ እየጨመቁ ሲያወሩ በስተኋላቸው አለፍኩ። አንዷ "ማሽኑን የምታድለው እህቱ አይደለች እንዴ! እሱማ ምን ይሆናል?" ስትል ሌላዋ በክርኗ ጎሸመቻት።

ምን አድርጌ ነው? አንድም ነገር አላደረግኩም። የሚናገረው መሣሪያው ነው፣ እኔ ከላይ ወደ ታች አደርሳለሁ። ያም ሆኖ ቀኑን ሙሉ ነገሩ ሲያንገበግበኝ ዋለ፣ እራቴንም አልበላሁ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ ማታ

ዶክተሩ ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። ወጣት ነው፤ ሰሞኑን ግን ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ አርጅቷል።

"ቁጥሩ አንድ የሆነ ቀን ምን እንደምናደርግ ካሁኑ እንነጋገር" አለ።

አንዱን ማሽን ለሁለቱ ከፍለን ሞክረነዋል፣ ለሁለቱም አልደረሰም። በየተራ ማድረግም ያው ነው። ይህን እሱም እኔም እናውቃለን።

"ልጅቷ ጥቂት ቀን ከታገሠችልን ትድናለች። የወንድምሽ ሳንባ ግን..." አለና እስክሪብቶውን ከደነ፣ መልሶ ከፈተ።

"ግን ምን?"

"ታውቂዋለሽ።"

"አላውቅም። ንገረኝ።"

"ጠባሳ ሆኗል። ማሽኑ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም። ስለዚህ አንድ ያልሽን ዕለት የሌሊቱ ማሽን የልጅቷ ነው። የምወስነው እኔ ነኝ፣ ተጠያቂውም እኔ። አንቺ ቁጥሩን ብቻ ንገሪን።"

ቁጥሩን ብቻ! አቀለለልኝ እኮ። እኔ አንድ ስል ወንድሜን ንቀሉት ማለቴ አይደለም? እናታችን ስትሞት ገና የወተት ጥርሱን እየነቀለ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ፀጉር ማስተካከል የተለማመደው በእኔ ራስ ላይ ነው፤ ስንት ወር ሻሽ አስሬ ሥራ የገባሁት በእሱ መቀስ ነው። አሁን ከእኔ አፍ ነው የሚጠብቁት።

ደግነቱ ሰማዩ እስካሁን ከግማሽ በታች አልወረደም። ማለቴ ከማክሰኞ በስተቀር። ከትናንት ወዲያም ትንሽ ወርዶ ነበር።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

አርባ ስድስት። ሁለት ማሽን እንዲያድር ግማሽ ሰማይ ያስፈልጋል፣ ሃምሳ። አርባ ስድስት ደግሞ ሃምሳ ነው፤ ማንም ቢሆን ያጠጋጋዋል። ሁለት አልኩ።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ

ሰንጠረዡን ደጋግሜ ሳየው ከፍ ተደርጎ የተሠራ ይመስለኛል። ያለንበት ቦታ ጉም የማያጣው ነው፤ ጥርት ባለ ቀንም ያን ያህል ጨረር ይወርዳል ብዬ አላምንም። ጥቂት ዝቅ አደረግኩት። አካፋዩ ሲያንስ ድርሻው ከፍ ማለቱ አይቀርም፣ እኔ ግን ለዚያ ብዬ አይደለም። ሥራ በዝቶብኝ እንጂ ድሮ መስተካከል የነበረበት ነው።

በአዲሱ ስሌት የዛሬው ሃምሳ አንድ። ሁለት አልኩ። ባትሪው ጠዋት ላይ ከወትሮው ባዶ ሆኖ ነው የተገኘው። ብርዱ ይሆናል።

ሐምሌ 16፣ ረቡዕ

ሊነጋጋ ሲል የባትሪው ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ከተኛሁበት ሮጬ ወጣሁ። የቀረውን ሁሉ ነቀልኩ፣ የማዋለጃ ክፍሉን አምፖል ሳይቀር። ማሽኖቹ አልቆሙም፤ ፀሐይ እስክትወጣ ግን ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን።

"ትናንት ሁለት ብለሽ ነበር" አለች ሲስተር።

"ብያለሁ።"

"ሃምሳ ሦስት ነው አላልሽኝም?"

"ነው። ሃምሳ ሦስት።"

"እኔ የምልሽ፣ አልፎ አልፎ ቀና ብለሽ ሰማዩን ታዪዋለሽ?"

"መሣሪያዋ ታየዋለች፣ አትቸገሪ።"

ኤዲያ! እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? ስንት ዓመት ክፉና ደጉን አብረን ያየን ሴት ናት። የምላጭን ትራስ አስተካክላ ወጣች።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ሃምሳ። ሁለት አልኩ። ባትሪው ዝቅ እንዳለ ነው። የምላጭ ከንፈር ጠቁሮ አደረ። የልጅቷ እናት ዛሬም ስለ ፀሐዩ ጠየቀችኝ፤ ጫማዋን እያየሁ መለስኩላት። ለምን ጫማዋን እንዳየሁ አላውቅም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

መቶ ስምንት! ዓይኔን ማመን አቃተኝ። በድሮው ሰንጠረዥ እንኳ መቶ ሦስት ይመጣል። ሰማዩ ተከፈተ! ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ለሲስተር "ሁለት፣ እሱም ተርፎን፤ መቀቀያውን አስነሱት፣ የተከማቸውን የቀዶ ጥገና ዕቃ በሙሉ ቀቅሉ" አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ። ፍሪጁን መለስኩ። ጸሐፊዋ ኮምፒውተሯን አገኘችና ታረቀችኝ። ምላጭን "ዛሬ እንደ ንጉሥ ነው የምታድረው" ስለው "በይ ንጉሡን ጢሙን ላጪው" አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ምሳ ጣመኝ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ ማታ

መጻፍ አለብኝ፣ ካልጻፍኩት አብጄ ነው የምቀረው።

ከጥርት ያለ ሰማይ በላይ ጥርት ያለ ሰማይ የለም። ይህን የማውቅ ሰው ነኝ። ፀሐይዋ በረጃጅም ነጫጭ ደመናዎች መካከል ስታልፍ ጎናቸው ብርሃኑን እየመለሰ ያክልበታል፤ ድርሻው ከመቶ የሚያልፈው ያኔ ነው። ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ከዚያ ደመናዎቹ ይገጥማሉ። አሠልጣኙ "ከመቶ በላይ ያያችሁ ቀን እንዳትደሰቱ፣ ሩጡና ደመናውን ፈልጉ" ብሎ ነበር፤ የዚያን ቀን ብቻ ነው ቀና በሉ ያለን። ቀና ብል ኖሮ በሁሉም በኩል እንደ ግንብ ተከምሮ አየው ነበር። እኔ ግን ወደ ታች ሮጥኩ።

ትናንት ምሳ ተበልቶ ሳያልቅ ጨለመ። በረዶ ወረደ። መቀቀያው የነበረንን ሁሉ በልቶት ነበር።

ማታ ላይ ባትሪውን አየሁት። ለአንድ ማሽን እንኳ እስኪነጋ መብቃቱ ያጠራጥር ነበር። ልነግራቸው ወጣሁ። ደረጃው ላይ አንድ፣ አንድ እያልኩ ነበር የወጣሁት። በሩ ላይ ስደርስ ምላጭ ለልጅቷ በአፉ የመቀስ ድምፅ እያሰማ ፀጉሯን የሚቆርጥ ይመስል ይጫወታል። ሲስተር "እህ?" አለችኝ።

"ሁለት" አልኩ።

አፌ ነው ያለው። እኔ አላልኩም ልበል? ብያለሁ።

ገና ሳይነጋ ሁለቱም ቆሙ። ሲስተር ለማዋለጃ ክፍል የደበቀቻትን አንዲት ሲሊንደር ይዛ መጣች፤ ከግማሽ በታች የቀራት። ዶክተሩ እኔን ሳያየኝ ወደ ልጅቷ አልጋ ጠቆመ። ምላጭን ከኋላው ሆኜ ደረቴ ላይ አስደግፌ አቀፍኩት። የሚስበው አየር የትም አይደርስለትም። ጎኖቹ ሲሰበሰቡና ሲለቀቁ በክንዴ ይሰማኛል። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። እሱን ላድን ብዬ ልጅቷን፣ ልጅቷንም እሱንም። መስኮቱ እስኪገረጣ ድረስ እግዚአብሔርን ስለምን ስለምን፣ ምን ብዬ እንደምለምን እንኳ ጠፋኝ።

ፀሐይ ወጥታ ማሽኖቹ ተነሱ። ልጅቷ ትኩሳቷ ጨምሯል። ምላጭ ዓይኑን የገለጠው ከምሳ በኋላ ነው። የልጅቷ እናት አጠገቤ መጥታ ሻርፗን ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። "አንቺም እኮ ከእኛ እኩል ተንገላታሽ፤ እግዜር ይስጥሽ" አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

"እትዬ።"

"አቤት።"

"ያን ዕለት ማታ ስንት ነበር?"

"ምኑ?"

"አታድክሚኝ፣ የማባክነው ትንፋሽ የለኝም።"

"ለአንዱም አይበቃም ነበር" አልኩት።

"አንቺ ደግሞ ሁለት አልሽ።"

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻው ሳብኩለት።

"ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሌላ ወሬ የለውም፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ፀሐይ ነው። ስንት ዓመት አደመጥኩ። አንዱም እንዳንቺ አልዋሸኝም" አለና ሳቀ፣ ሳቁ ሳል ሆነበት። ውኃ ሰጠሁት። "ማሽኑ ሲቆም ሚጢጢ ማንን እንዳየች ታውቂያለሽ? እናቷን እንዳይመስልሽ። ወደ እኔ ዞራ፣ ጋሼ ያንተም ቆመ? አለችኝ። ምን ልበላት?"

"በቃ፣ አትናገር።"

"ያለውን ንገሪያቸው። አንድ ከሆነ አንድ በይ።"

"አልችልም።"

"ትችያለሽ። እኔን በቀበቶ ስትገርፊኝ መች እጅሽ ይንቀጠቀጥ ነበር?" እጄን ያዘ። እጁ ቀዝቃዛ ነው። "ማዪ። 'ምላጭ ይሙት' በይ።"

ሌላ መሐላ ጠፍቶ ነው? ሰው ሁሉ በየመንገዱ የሚምለው መሐላ ነው፣ እኔም ስንቴ ስለ ዕቃ ዋጋ እንኳ በእሱ ሞት ምያለሁ። አሁን ግን ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ቃል ገባሁለት፣ መሐላውን ግን አላልኩም።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ሰንጠረዡን ወደ ቀድሞው መለስኩ። ሐምሌ 14 ያደረግኩትን ለሲስተርና ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ዶክተሩ "ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ይሠራዋል እንዳልልሽ ሌላ ሰው የለም" አለ። ሲስተር የመድኃኒቱን ጋሪ እየገፋች ወጣች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አንገቴ እስኪያመኝ አንጋጥጬ ቆምኩ። ሃምሳ ሁለት፣ እየዘለለ። ከምዕራብ በኩል ሰማያዊ ቀዳዳ አለ። ሁለት፣ እውነተኛ ሁለት። ሌላ እንዲህ ያለ ቀን፣ ሌላ አንድ ቀን ብቻ፣ እያልኩ እለምናለሁ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ሃያ አራት። ቀጥ ያለ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት አልተነቃነቀም። በመሣሪያዋ አየሁት፣ በዓይኔ አየሁት። ሦስቴ አካፈልኩት። መስታወቷን እንደገና ወለወልኩ፣ ምናልባት ጠብታ ይሆን ብዬ። ጠብታ አልነበረም።

"አንድ" አልኩ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለች ሲስተር።

"እርግጠኛ ነኝ።"

ሲመሽ ሶኬቱን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈለግኩም። ምላጭ አውራ ጣቱን አነሳልኝ። አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋንለት፣ በትራስ ቀና አደረግነው። ልጅቷ ተኝታለች፣ አላየችም። እሱ እስከ ጠዋት ታገለ፤ ነግቶ ማሽኑ ሲመለስለት "ይኸው አለሁ፣ ምን ያስለቅስሻል" አለኝ።

ሐምሌ 29፣ ማክሰኞ

ሃያ ሁለት። ሰማዩ ያው ነው፣ ስንጥቅ የለውም። ትናንት አንዴ ያልኩት ዛሬ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። አይቀልም። ትናንት አንድ ሌሊት ይችላል የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ ዛሬ ጠዋት ደረቱን አይቼዋለሁ።

ግድግዳውን ተደግፌ አንድ አልኩ። ሲስተር እጄን ያዘችኝ። ልጅቷ ትኩሳቷ ወርዷል፣ ዛሬ ሾርባ ጠጣች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም፣ ጠላኋት። ይህን ለማንም አልናገርም። ልጅቷን ለአንድ አፍታ ጠላኋት።

ወደ እሱ ልሂድ፣ እየመሸ ነው።

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

ሊነጋ ጥቂት ሲቀረው።

ነሐሴ 4፣ እሑድ

ሥራ ጀመርኩ። ዶክተሩ ጥቂት ቀን እረፊ ብሎኝ ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን የእሱ መቀሶች በየጠረጴዛው ላይ ናቸው።

መስታወቷን ወለወልኩ። ቀና ብዬ አየሁ። ድፍን ነው። ሃያ ሰባት፣ ቀጥ ያለ። አካፍዬ፣ ደግሜ አካፍዬ፣ በወትሮው ሰዓት ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ እናቷ ፀጉሯን እየጎነጎነችላት ነው። ከጎኗ ያለው አልጋ ተነጥፏል። ሲስተር ከመድኃኒቱ ጋሪ ቀና ብላ አየችኝ።

ዛሬ አንድ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ሲስተር ቁጥሩን አልጠየቀችኝም። ክፍሉ ውስጥ የተሰካው አንድ ማሽን ብቻ ነው።